55 ቀን የሚጾም ሰው ስኳር መቀነስ ለምን ያቅተዋል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መስከረም በጠባ ቁጥር ስለ ልማድ የሚታተመውና የሚተላለፈው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ቁረጥ፣ ወስን፣ 21 ቀን ታገስ፤ ካቃተህ ፍላጎትህ አልጠነከረም። በየሥልጠና አዳራሹ ደግሞ «ንዑስ አእምሮህን ፕሮግራም አድርገው» የሚል ይጨመርበታል። ጥቅምት ሲገባ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው በራሱ ያፈረ ሰው ነው። ሳናስበው የምንሠራቸው ነገሮች ከየት እንደሚነሡና በምን እንደሚለወጡ ግን ብዙ የተጠና ነገር አለ። አንባቢ እሱን ቢያውቅ ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ከምናውቀው ልነሣ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይቀምስ ሰው በአገራችን በሚሊዮን ይቆጠራል። ያው ሰው ቡናው ላይ የሚጨምረውን ስኳር ለአንድ ሳምንት ቀንስ ቢባል በሦስተኛው ቀን ይረሳዋል። ጉዳዩ የፈቃድ ጥንካሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለ55 ቀን የበቃ ፈቃድ ለ7 ቀን ባላነሰ ነበር። እምነቱ የሚሰጠው ኃይል እንዳለ ሆኖ፣ ትልቁ ልዩነት ያለው ከሰውየው ውጭ ነው። በጾም ሕጉ ቁርጥ ነው፤ «ለዛሬ ትንሽ ብቻ» የሚባል ድርድር የለም። አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱ በየዓይነቱ ያቀርባል፣ ቤት ውስጥ የሚጣደው ድስት የጾም ነው፣ ጎረቤትም የሥራ ባልደረባም አብሮ ይጾማል። ሥጋን የሚያስታውስ ነገር ከዓይንም ከአፍንጫም ይርቃል። ስኳሩ ግን ቡና በተፈላ ቁጥር ከነማንኪያው ከፊታችን ይቀርባል።

ይህን በሲጋራ የፈተኑ ተመራማሪዎች አሉ። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ እነ ሬውቨን ዳር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆች በበረራ ላይ ሳሉ አምሮታቸውን በየጊዜው እንዲመዘግቡ አደረጉ። አንዱ በረራ አጭር ነው፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፤ ሌላው ረጅም፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። አምሮቱ የኒኮቲን እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ በ10ኛው ሰዓት ላይ ከ4ኛው ሰዓት እጅግ በባሰ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በአጭሩም በረራ በረጅሙም አምሮቱ የበረታው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ነው። አጭሩ በረራ ሲያልቅ የተመዘገበው አምሮት፣ ረጅሙ በረራ በዚያው ሰዓት ላይ ከተመዘገበው በልጦ ተገኘ። ቀደም ሲልም ይኸው ቡድን በሰንበት እሳት የማይለኩሱ ሃይማኖተኛ አይሁድ አጫሾችን መርምሮ፣ በሰንበት የሚሰማቸው አምሮት በሥራ ቀን እንዳያጨሱ ሲጠየቁ ከሚሰማቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። በረመዳን 13 ሰዓት ያህል ሳያጨስ የሚውል ሰውም ቢጠየቅ የሚነግረን ይህንኑ ይመስለኛል፤ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ብሎ የነበረው ነገር የሚነሣው መግሪብ ሲቃረብ ነው። አእምሮ አጥብቆ የሚጠይቀው «አሁን ይቻላል» የሚል ምልክት ሲያይ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ምልክት ቀስቃሽ የሚለውን ቃል እጠቀማለሁ። ቀስቃሽ ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ቦታ፣ ሰው፣ ስሜት፣ ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ሌላ ድርጊት። በስዊዘርላንድ የፍሪቡርግ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቮልፍራም ሹልትስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጦጣዎች ላይ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳትን ሲከታተል ያገኘው የነገሩን ሥር ያሳያል። መጀመሪያ ሕዋሳቱ የሚነቁት ጦጣዋ ጭማቂ ስታገኝ ነበር። ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት የሚታይ ምልክት እንዳለ ከተማረች በኋላ ግን ሕዋሳቱ ምልክቱን ስታይ ይነቃሉ፤ ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ይወርዳል። ቡናው ተቀድቶ ስኳር የለም ሲባል የሚሰማን ቅሬታ ከዚህ ጋር ዝምድና አለው።

በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ አን ግሬቢኤል በአይጦች ላይ የሠራችው ሌላውን ግማሽ ይሞላል። አይጧ በቲ ቅርጽ በተሠራ መተላለፊያ ጣፋጭ ፍለጋ ስትሮጥ፣ በመጀመሪያው ሰሞን ልማድን የሚይዘው የአንጎል ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሠራል። መንገዱን በደንብ ስትለምደው እንቅስቃሴው መነሻውና መድረሻው ላይ ይሰበሰብና መሐሉ ጸጥ ይላል። ስልኩን «አንዴ ሰዓት ልይበት» ብሎ ያነሣ ሰው ከ40 ደቂቃ በኋላ ቪዲዮ እያየ ራሱን የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተጀመረ በኋላ መሐል ላይ የሚቆጣጠር የለም። ስለዚህ ልማድን መያዝ የሚቻለው ከመነሻው ላይ ነው። ከተጀመረ በኋላ «ይበቃኛል» ብሎ ማቆምን ዋና ዘዴው ያደረገ ሰው ከባዱን ቦታ መርጧል።

ስለ ንዑስ አእምሮ ብዙ ስለሚባል አንድ ነገር ልጨምር። ኢ.ፒ. በሚል ምሕጻር የሚታወቅ አሜሪካዊ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1992 በቫይረስ በተነሣ የአንጎል ብግነት አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውን አጣ። ላሪ ስኳየርና ባልደረቦቹ ሁልጊዜ አንድ ላይ የሚቀርቡ ጥንድ ዕቃዎችን እያሳዩ፣ ከሁለቱ ትክክለኛውን እንዲመርጥ ለሳምንታት አለማመዱት። ፈተናውን ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቅ እየተናገረ እጁ ግን ትክክለኛውን ማንሣት ለመደ። ዕቃዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተቀላቅለው ትክክለኞቹን ለይ ሲባል ግን ጠፋበት። ልማድ የሚያውቀው በለመደው አቀራረብ ብቻ ነው። ከውስጣችን ተደብቆ የሚዶልት ሁለተኛ ሰው የለም፤ ያለው ምልክትን ከድርጊት ጋር ያሰረ ትውስታ ነው። መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ጎበዝ ነኝ» ማለት ይህን ማሰሪያ አይነካውም፤ ገንዘብ ተከፍሎበት ከሆነ ደግሞ ያሳዝናል።

ማሰሪያው ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ከፈንዲሻ ጥናት የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 እነ ዴቪድ ኒልና ዌንዲ ውድ ለሲኒማ ተመልካቾች ፈንዲሻ ሰጡ፤ ለገሚሱ ትኩስ፣ ለገሚሱ 7 ቀን የቆየ። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ የመብላት ልማድ ያልነበራቸው የደረቀውን ቀምሰው ተዉት። ልማዱ የጸናባቸው ግን እንደማይጥም እየተናገሩ የትኩሱን ያህል በሉት። ቦታው ተቀይሮ በስብሰባ ክፍል ሲሆን ይህ ጠፋ። ሲኒማ ቤት ውስጥም በማይለመደው እጅ እንዲበሉ ሲደረግ ጠፋ። ጣዕም ያላስቆመውን ቦታ መቀየርና እጅ መቀየር አስቆመው። ዌንዲ ውድ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት ተሳታፊዎች በየሰዓቱ ምን እየሠሩ እንደሆነ እንዲጽፉ አድርጋ ነበር፤ ከተመዘገበው 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በዚያው ቦታና አኳኋን የሚደገም፣ በአብዛኛውም ሐሳብ ሌላ ቦታ ሆኖ የሚሠራ ነበር።

ከዚህ የከበደው ምሳሌ የሄሮይን ነው። ከቬትናም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1971 ከተመለሱት የአሜሪካ ወታደሮች አንድ አምስተኛ ያህሉ እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ሆነው ነበር። ሊ ሮቢንስ ተከታትላ ስታጠና፣ ከነዚህ ሱሰኞች በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱስ የተመለሱት 5 በመቶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱን የወሰዱበት ቦታ፣ አብሮ የሚወስደው ሰው፣ ፍርሃቱና ሥራ መፍታቱ ሁሉ ባሕር ማዶ ቀርቷል። የኛን አገር ነገር ገልብጠን እንየው። አንድ ሰው ጠበል ሰንብቶ ወይም በማገገሚያ ማዕከል ወራት ቆይቶ ከመጠጥ ይላቀቃል። ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ጓደኛ፣ ወደዚያው የደመወዝ ቀን ይመለሳል። ሲወድቅ ዘመድ «ልቡ አልተመለሰም» ይላል። ልቡ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ ያልተለወጠው የሚኖርበት ነው። የተተወ ልማድ እንደማይጠፋ፣ በአዲስ ቦታ የተማረው መተው ወደ አሮጌው ቦታ ሲመለስ እንደሚላላ በላቦራቶሪ ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለው ተረት ጥፋቱን ሁሉ ለጦጣዋ ይሰጣል፤ ማሳውን አያነሣም።

የቀስቃሽን ሥራ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው የጫት ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ሐራራው ይመጣል። በርጫው ይጀመራል። ከጫቱ ጋር ለውዙ፣ ለስላሳው፣ ሲጋራው። ምርቃናው ያልፍና ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ጨብሲ፣ ቢራ ወይም አረቄ። ጠዋት ሰውነት ዝሎ ሥራው ይጎተታል፣ እስከ ምሳ ይገፋል፣ ከምሳ በኋላ ሐራራው ይመጣል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ድርጊት የሚቀጥለው ቀስቃሽ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ሰንሰለት ሊተው የሚፈልገው ጨብሲውን ነው፤ ገንዘቡን የሚበላው፣ ቤተሰቡን የሚያስቀይመው እሱ ስለሆነ። እናም ማታ 2 ሰዓት ላይ ይታገላል። ያ ግን የመጨረሻው ቀለበት ነው፤ ጫቱ ሰውነቱ ውስጥ እየሠራ፣ እንቅልፍ ሳይኖር፣ ጓደኞቹ ሊነሡ ሲሉ። የሚሻለው መቁረጫ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ምሳ የት ይበላል፣ ከማን ጋር ይበላል፣ ከምሳ በኋላ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት እግሩ ወዴት ይሄዳል። ምሳውን ከለመደበት ሰፈር አውጥቶ፣ ከምሳ በኋላ ከሰው ጋር ቀጠሮ የያዘ ሰው ጨብሲውን ሳይነካ ጨብሲውን ቀንሷል። ጫት ሲቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ መብዛትና ዱካክ ይጠበቃል። አስቀድሞ ካልተነገረው «ያለ ጫት ሰው አልሆንም» ብሎ ይተረጉመዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይተውም። የሚሠራው መመዝገብ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ ይሰመራል፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ አብሮ የነበረ ሰው፣ ልክ ከዚያ በፊት የተሠራው ነገር፣ የነበረው ስሜት። ልማዱ በተነሣ ቁጥር እዚያው ይጻፋል፤ ማታ ተሰብስቦ የሚጻፍ አይረባም፤ ቀኑን ያየንበት ትዝታ ራሳችን እንዳመነው አድርጎ ይሞላዋል። ከ15 እስከ 20 መስመር ሲሞላ ዓምዶቹን ወደ ታች እያዩ የሚደጋገመውን መፈለግ ነው። ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚገምተው የመጨረሻውን ዓምድ ነው፤ «ጭንቀት ነው የሚያስጨሰኝ» ይላል። ሲመዘገብ ግን ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው አራተኛው ሆኖ ይወጣል፤ ከስብሰባ ሲወጣ፣ ማኪያቶ ሲቀርብለት፣ ታክሲ ውስጥ ቦታ ይዞ ሲቀመጥ።

ቀስቃሹ ሲታወቅ ሊደረግ የሚችለው ሦስት ነገር ነው፤ ቀስቃሹን ማራቅ፣ ድርጊቱን ማስቸገር፣ ወይም ለዚያው ቀስቃሽ ሌላ ድርጊት መስጠት። በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሞከር ይሻላል። ማራቅ የሚቻል ከሆነ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ስኳሩን እንውሰድ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። በሲኒ ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ሲጠጣ 24 ግራም ወሰደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚወስድ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው፤ አንዱ የቡና ሥነ ሥርዓት ብቻውን ሊሞላው ምንም አልቀረው። ታዲያ መጀመሪያ ማንኪያ አይቆጠርም፤ የስኳር ዕቃው ከረከቦቱ አጠገብ ተነሥቶ ወጥ ቤት ይቀመጣል፤ የፈለገ ይጠይቃል። እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል የሚል ካለ ለእንግዳው ለብቻ ይቅረብ። ቀጥሎ ከበረካው ይጀመር፤ ቀጭን ስለሆነ ምሬቱ አነስተኛ ነው። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ከአቦሉና ከቶናው ግማሽ ማንኪያ ይቀነስ። ምላስ ለመላመድ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ዜሮ ያደረገ ሰው ምላሱ ሳይለምድ ትዕግሥቱ ያልቃል።

ማራቅ የማይቻል ሲሆን «ሲሆን፣ አደርጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያጠናው ጀርመናዊው ፒተር ጎልቪትዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ተማሪዎች ላይ በተሠራ ጥናት በሚቀጥለው ሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ስፖርት እንዲሠሩ ተፈልጎ ነበር። ምንም ካልተደረገላቸው 38 በመቶው ሠሩ። ስለ ልብ በሽታ የሚያስፈራና የሚያነሣሣ ጽሑፍ ካነበቡት 35 በመቶው። ከጽሑፉ በተጨማሪ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንደሚሠሩ በወረቀት ከሞሉት 91 በመቶው። ውጤቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል አይሆንም፤ በተለይ ጊዜው ሲረዝም ይላላል። ግን ማነሣሻው ብቻውን ምንም አለማድረጉን ልብ ይሏል፤ ከዝግጅት ክፍላችሁ የሚወጣው አብዛኛው ምክር ከሁለተኛው ወገን ነው።

ዓረፍተ ነገሩ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ ልል ሰዓት ነው፤ «ማታ ማታ» ቀስቃሽ አይሆንም፤ «እራት በልቼ እጄን ስታጠብ» ግን ይሆናል። ሁለተኛው አሉታ ነው። «አልጋ ላይ ስሆን ስልክ አልነካም» ብሎ የጻፈ ሰው አልጋንና ስልክን ይበልጥ አስተሳስሯል፤ እንዲህ ያሉ ዕቅዶች የተፈለገውን ተቃራኒ ሲያመጡ በጥናት ታይቷል። «እራት በልቼ እጄን ስታጠብ ስልኬን ሳሎን ካለው ቻርጀር ላይ እሰካለሁ» ይባል፤ ለጠዋቱ ደግሞ የሚያስነሣ ተራ ሰዓት ይገዛ፤ አለዚያ «ለማንቂያ ያስፈልገኛል» በሚል ስልኩ በሦስተኛው ቀን መኝታ ቤት ይመለሳል። ሦስተኛው ስህተት መጠን ነው፤ በቀን 10 ደቂቃ ያልተንቀሳቀሰ ሰው 1 ሰዓት ይጽፋል። አራተኛው ለአንድ ቀስቃሽ ሁለት ሦስት ዕቅድ መደርደር ነው፤ ቀስቃሹ ሲመጣ አንዱም ራሱ አይነሣም።

ጥፍር መብላት፣ ፀጉር መንጨትና የመሳሰሉት ሌላ ዘዴ አላቸው። አዝሪንና ነን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ነው። እጅ ወደ አፍ መነሣት ሲጀምር፣ ወይም ያ ስሜት ሲመጣ፣ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ እጅን ጭብጥ አድርጎ መያዝ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተጨበጠ እጅ ጥፍር አይበላም። የሚሳነው ሰው በአብዛኛው መጨበጡ ሳይሆን መነሻውን መያዙ ነው የሚያቅተው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምምድ «አሁን እጄ ተነሣ» ማለትን ብቻ ይሁን።

ጾምን መጠቀም የሚፈልግ አንባቢ አለ፤ ከመጠጥ ወይም ከሲጋራ በዚያው ልላቀቅ የሚል። ጥሩ ጊዜ ነው፤ አካባቢው ስለ ሁላችን ተለውጧል። አደጋው መጨረሻው ቀን መታወቁ ነው። እንደ አስተናጋጆቹ ማረፊያ፣ አእምሮ ፋሲካን ይጠብቃል። ስለዚህ ለሰሙነ ሕማማት ሳይሆን ለፋሲካ ማግስት ዕቅድ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የት ነው የምውለው፣ ብርጭቆ ሲቀርብልኝ ምን እላለሁ፣ ምን ይዤ እጠጣለሁ። ይህ ከፋሲካ በፊት ካልተወሰነ 55ቱ ቀን ዕረፍት እንጂ መተው አልነበረም።

ስለ 21 ቀኑ። መነሻው አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፈው አስተያየት ነው፤ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው አስተዋለ። ስለ ልማድ የተደረገ ሙከራ አልነበረም፤ «ቢያንስ» የሚለውም ከጊዜ በኋላ ወድቆ ቀረ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እነ ፊሊፓ ላሊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት 96 ሰዎችን ለ84 ቀን ተከታተለ። እያንዳንዱ አንድ ትንሽ ነገር መረጠ፤ ከቁርስ በኋላ ውሃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት መሮጥ ወዘተ። ድርጊቱ ሳይታሰብ መሠራት እስኪጀምር ድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆነ፤ ግን ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። 254 የሚለው በስሌት የተገመተ ነው፤ ጥናቱ ራሱ 84 ቀን ነበርና። ቀላሉ ነገር ፈጥኖ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግኝት ብዙም አይጠቀስም፤ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ይህን ያህል አልጎዳውም። በ22ኛው ቀን «አልሆነልኝም» ብሎ የተወ ሰው ከመንገዱ ሲሶ ላይ ነበር፤ የነገረው ግን አልነበረም።

ልማድ ለመለወጥ ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ቤት የተቀየረበት ነው። በእንግሊዟ ፒተርቦሮ 800 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ አካባቢን የማይጎዳ አኗኗር እንዲለምዱ የተደረገው ድጋፍ በቅርቡ ቤት በቀየሩት ላይ የበለጠ ሠርቷል፤ መስኮቱ ግን ሦስት ወር ያህል ነው። ከመሐል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰውም ሆነ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሄደ፣ በነዚያ ወራት የያዘው መንገድ፣ የሚገዛበት ሱቅ፣ ማታ የሚቀመጥበት ወንበር ለዓመታት ይከተለዋል። ከውጭ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ለዓመታት የተወውን ሲጋራ በመጀመሪያው ሳምንት ቢለኩስም አይገርምም፤ አሮጌው ቀስቃሽ እዚሁ ሲጠብቀው ነበር።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም የሚጥል ሕመምና ቅዠት ሊመጣበት፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋ ይችላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ጠዋት ካልጠጣ የማይቆም ከሆነ በሐኪም ክትትል ይተው እንጂ በአምስት ዓምድ ወረቀት አይጀምር። ለወራት የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ክኒን የወሰደም እንዲሁ ነው፤ ቀስ በቀስ፣ በሐኪም። እጁን በቀን አርባ ጊዜ ካልታጠበ ዕረፍት የሌለው ሰው ያለበት ልማድ ሳይሆን ሕመም ነው፤ ሕክምና አለው። ጫት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ደግሞ ቀስቃሹን አርቅ ቢባል ሥራውን ተው ማለት ነው፤ እሱን በፈቃደ ደካማነት መውቀስ ቀርቶ፣ ምክሩን ራሱ ከመስጠታችን በፊት መብላቱን ማሰብ ይኖርብናል።

ለዝግጅት ክፍላችሁ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው የመስከረም እትም ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ገጽ ካላችሁ፣ ከላይ የጠቀስኩትን ባለ አምስት ዓምድ ቅጽ በ20 ባዶ መስመር አትሙት፤ አንባቢ ቆርጦ ኪሱ እንዲይዘው ሰፋ ባለ መስመር። ከሥሩ አንድ የ«ሲሆን፣ አደርጋለሁ» ክፍት ዓረፍተ ነገር ይኑር። 21 የሚለው ቁጥር ካለ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ